ሳንዘራው የበቀለው

ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ሁለት ክፍል የማታክል አንዲት የአትክልት ቦታ አለችን። ጎመንና ቆስጣ እንተክልባታለን፤ ጥግ ጥጉን ጤና አዳምና በሶብላ ቆመዋል። መሬቷን የለቀቁልን የግቢው አትክልተኛ ናቸው፤ «አባባ» ነው የምንላቸው። ባለፈው ዓመት ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲረሰርስ፣ በጎመኑ መደብ መካከል ማንም ያልዘራው፣ ማንም ያልተከለው ቡቃያ ብቅ አለ። ሳምንት ሳይሞላው አንዱ አምስት፣ አምስቱ ሃያ ሆነ።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ቡቃያ ታሪክ ነው። አንባቢ ሆይ፣ «ለአረም ደግሞ ታሪክ ይጻፍለታል እንዴ?» ማለትህ አይቀርም። እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር። ታሪክ ማለት የነገሥታት ጉዞ፣ የጦር ሜዳ ውሎ፣ የውልና የስምምነት ወረቀት መስሎን ኖረናል። ነገር ግን ጦር ሲዘምት በጎማው ጭቃ ላይ ተጣብቆ፣ እህል ሲጫን በጆንያው ስፌት ተሸሽጎ የሚሄድ ሌላ መንገደኛ አለ። ጸሐፊ የለውም፤ ስሙም የሚወጣለት ከደረሰ በኋላ ነው። እኛ ይህን የተማርነው በክፍል ውስጥ አይደለም፤ ተሳስተን፣ ሰውም አሳስተን ነው።

መጀመሪያ ያደረግነው ስም መፈለግ ነበር። ቅጠሉ ከመሬት ተለጥፎ በክብ የተዘረጋ ነው፤ ጥልቅ ጥልቅ ሆኖ የተሰነጣጠቀ፣ ለስለስ ያለ፣ ከሩቅ ሲያዩት ቁርጥ የካሮት ቅጠል። አንዱ ጓደኛችን «ካሮት ነው፤ ከጎመኑ ዘር ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ይሆናል» አለ። አንዱን ነቅለን አየነው፤ ሥሩ ቀጭን ነው፣ የሚበላ ነገር የለውም። ሁለተኛው ወገን ተነሣና «አሪቲ ነው!» አለ። አሪቲን ከእናቱ ጓሮ የማያውቅ ማን አለ? በበዓል ቀን ከቄጠማው ጋር ተነስንሶ ቤቱን በመዓዛው የሚሞላ ነው። «እስቲ እሹት» ተባለ። አሸነው። የአሪቲ መዓዛ የለውም፤ ዝም ብሎ ሣር ሣር ይላል። «ገና ሕፃን ስለሆነ ነው፤ ሲያድግ ይሸታል» ተባለ። ክርክሩ እስከ እራት ሰዓት ዘለቀና በመጨረሻ እጅ አወጣን፤ በዘጠኝ ድምፅ ለሦስት አሪቲ ሆኖ ጸደቀ። ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል። ተክል በድምፅ ብልጫ ስም አይወጣለትም።

አባባ ብቻ ከድምፁ ውጭ ነበሩ። ከመኮትኮታቸው ቀና ብለው አዩንና «ልጆች፣ እኔ አሪቲ አውቃለሁ። ይኼን አላውቀውም። የማላውቀውን ደግሞ አላጠጣም» አሉ። እኛ ግን አጠጣነው። ማጠጣት ብቻም አይደለም፤ ያማሩትን አራት ቡቃያዎች ከነአፈራቸው ቆፍረን፣ ሁለቱን በግቢው በር አጠገብ ቡና ለሚያፈሉልን እትዬ፣ ሁለቱን ከወንዙ ማዶ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ጓደኛችን በስጦታ አበረከትን። «አሪቲ ነው እትዬ፤ ቡናው ይድመቅልዎ» አልናቸው። እትዬም መርቀው ተቀበሉን።

ሐምሌ ሳያልቅ ተክሉ ተለወጠ። ከመሃሉ ግንድ አወጣ፤ ግንዱ ወገባችን ድረስ ቀጥ ብሎ ወጣና ቅርንጫፍ አበዛ፤ በየጫፉ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች ተረጩበት። መዓዛ ግን የለም። በዚያው ሰሞን አባባ በዙሪያው ያለውን ጎመን ሲኮተኩቱ ሰንብተው የእጃቸው አንጓ ቀላ፣ አበጠ፣ ያሳክካቸው ጀመር። «አንድ ነገር ነድፎኝ ይሆናል» ብለው ቅባት ቀቡት፤ አልለቀቃቸውም። በነሐሴ መግቢያ ከጭሮ፣ ከቤተሰቦቹ ዘንድ የተመለሰ አንድ ጓደኛችን ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ በጓሮ በኩል ሲያልፍ ድንገት ቆመ። «ፋራምሲሳ!» አለ። «ኧረ ማነው ይኼን እዚህ ያመጣው?» የመለሰለት አልነበረም።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ አንድ ምስክር አይበቃም ሲባል ሰምተናል። አንዴ የተሳሳተ ሸንጎ ደግሞ ሁለተኛ መቸኮል አይገባውም ብለን፣ እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን አንዱን ከነሥሩ ነቀልነው፤ በጋዜጣ መካከል አድርቀን ለአንድ የዕፅዋት መምህር ወሰድንላቸው። መምህሩ ስሙን ወዲያው አልነገሩንም። «ምን ታያላችሁ?» ነው ያሉን። በግንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰመሩ ሸንተረሮችና ስስ ፀጉር አየን። ቅጠሉ ከታች ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ እያነሰ ይሄዳል። ቀጥለው አጉሊ መነጽር ሰጡን። አንድ አበባ ነው ያልነው ለካ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጠርዙ አምስት ማዕዘን ያለው፤ በየማዕዘኑም አንድ አንድ ዘር ይቋጠራል። «አምስቱን ማዕዘን አንዴ ያየ ዳግመኛ አይስተውም» አሉን። አሪቲ እንዲህ ያለ አበባ የለውም። ቤተሰባቸው ግን አንድ ነው፤ ኑግ፣ ሱፍ፣ አደይ አበባ፣ አሪቲና ይህ እንግዳ በሩቅ ይዛመዳሉ። ስሕተታችን ዘመድን ከዘመድ ማምታታት ነበር። ነገር ግን ሽታው እየመሰከረብን ምስክሩን አልሰማነውም፤ ይህ ከስሕተት ይብሳል።

በሊቃውንቱ መዝገብ ተክሉ ፓርቴኒየም ሂስተሮፎረስ ይባላል። ስሙን የመዘገበለት ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1753። ትውልድ አገሩ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው ሞቃቱ አሜሪካ ነው። ታዲያ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ከኛ ጎመን መሃል ምን አገባው? የተክሉ ስም ከታወቀ በኋላ የታሪክ ተማሪ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሕዝብ ያወጣለትን ስም እንይ፤ ስም የሕዝብ መዝገብ ነውና። በአማርኛ «ቅንጬ አረም» ይሉታል፤ ነጫጮቹ አበቦች በማዕድ ላይ የተበተነ ቅንጬ ስለሚመስሉ ነው። ይህን ስም ያወጣው ሰው ዓይኑን አምኗል፤ ከዓይኑ በላይ የተናገረው የለም። በኦሮምኛ «ፋራምሲሳ» ነው፤ «አስፈራሚ» እንደ ማለት ነው፤ ከገባበት ማሳ ባለቤቱን አስፈርሞ መሬቱን የሚረከብ። ይህ ስም ከመልኩ አልተወሰደም፤ ከሥራው ነው። መሬቱን ለቅቆ የሄደ ገበሬ ያወጣው ስም መሆኑን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። ሶማሌዎች ደግሞ «ከሊጊ ኖሌ» ይሉታል፤ «ብቻውን የሚኖር» ማለት ነው። እሱ ባለበት ለከብቱ የሚሆን ሣር አይኖርማ! በሦስት ቋንቋ ሦስት ምስክርነት፤ አንዱ መልኩን፣ ሁለተኛው በእርሻው ላይ የሠራውን፣ ሦስተኛው በግጦሹ ላይ ያደረሰውን ይናገራል።

በሕንድ አገር ደግሞ ስሙ ክስ ነው። ተክሉ በፑኔ ከተማ በቆሻሻ ክምር ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1955 ግድም ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ሰፊውን አገር ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። በዚያው ዘመን ሕንድ በብዛት የአሜሪካ ስንዴ ትረዳ ነበር፤ ርዳታው የሚሰጥበት ሕግ በአሜሪካ ምክር ቤት ጸድቆ በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ስለዚህ ሕዝቡ «የኮንግረስ ሣር» አለው። አንዳንዱ ኮንግረስ የተባለው የአሜሪካ ምክር ቤት ነው፤ አረሙ የመጣው ከስንዴው ጋር ነውና ይላል። ሌላው ደግሞ የለም፣ የራሳችን የኮንግረስ ፓርቲ ሰዎች የሚደፉትን ነጭ ቆብ ስለሚመስል ነው ይላል። እንግዲህ በአንድ ስም ሁለት ተከሳሽ ቆመ ማለት ነው።

ታሪክ ግን እዚህ ላይ አንድ ወረቀት ታወጣለች። የካልካታ የዕፅዋት ማቆያ ኃላፊ የነበረው ዊልያም ሮክስበርግ በማቆያው ውስጥ የነበሩትን ተክሎች የዘረዘረበት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1814 ታትሟል፤ ፓርቴኒየም ከዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። ይኸውም ከስንዴው ርዳታ 140 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ታዲያ ስንዴው ነጻ ወጣ ማለት ነውን? አይደለም። በአንድ ማቆያ ውስጥ መቶ ዓመት ታጥሮ የኖረ ተክል አንድ ነገር ነው፤ በድንገት አገር የሚያጥለቀልቅ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ከአዲስ ዘር የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የሚያስተምረን ስም ምስክር እንጂ ፍርድ አለመሆኑን ነው። ሕዝብ የተጎዳበትን ነገር በስም ይዘግባል፤ ጉዳቱ እውነት ነው፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግን ስሙ ብቻውን አይነግረንም።

ወደ አውስትራሊያ ብንሻገር መንገዱ ሁለት ሆኖ እናገኘዋለን። በኩዊንስላንድ ቱጉላዋ በተባለች ቦታ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1955 ተክሉ ተመዘገበ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ከመጣ የአውሮፕላንና የመኪና ዕቃ ጋር ሳይገባ አልቀረም ይባላል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1958 ከቴክሳስ ለግጦሽ ተብሎ ከተገዛ የሣር ዘር ጋር ተቀላቅሎ በክሌርሞንት አካባቢ ገባ። ብዙውን መሬት ያጠፋው ይኸኛው ነው። እንግዲህ አንዱ በጦር ዕቃ፣ አንዱ በዘር ከረጢት። እነዚህን ሁለት መንገዶች እንያዛቸው፤ በአገራችንም ይጠብቁናልና።

በኢትዮጵያ ተክሉ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው፤ መጀመሪያ በድሬዳዋና በሐረርጌ፣ ቀጥሎ በወሎ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል። እንዴት እንደገባ የተጻፉት ግምቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከጦር ተሽከርካሪዎች ጋር ገባ የሚል ነው። ሁለተኛው በድርቁ ዘመን፣ በተለይ በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ከመጣው የርዳታ እህል ጋር ነው የሚል ነው፤ ለዚህም የሚቀርበው ማስረጃ ተክሉ ቀድሞ የታየው በእህል ማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ መሆኑ ነው። ጦር ወይስ ጆንያ? ልክ እንደ አውስትራሊያ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ግምቶች ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ተክሉ የመጣው መከራ በመጣበት መንገድ ነው። የጦርነትንና የረሀብን ካርታ የሣለ ሰው የዚህን አረም የመጀመሪያ ካርታም ሣለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላማ የጭነት መኪናው፣ የከብቱ መንጋ፣ ጎርፉና የመንገድ ሥራው ተቀባበሉትና አፋርን፣ ስምጥ ሸለቆን፣ ትግራይን አዳረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «እንግዲያው የባዕድ አገር ተክል ሁሉ ጠላት ነው» እንዳይል እንፈራለን። በርበሬያችን ከየት መጣ? በቆሎውስ? ድንቹ፣ ቲማቲሙ፣ በለሱስ? ሁሉም የዚህ አረም አገር ልጆች ናቸው፤ አሜሪካ ከሚባለው ምድር ባሕር ተሻግረው የመጡ። ያለ በርበሬ ወጥ ሠርታ የምትቀርብ እናት እስቲ ጥሩልን! የቅንጬ አረም ጥፋት መጻተኛነቱ አይደለም። ጥፋቱ በአገሩ ሲበሉት ሲቦረቡሩት ከኖሩት ነፍሳት ተለይቶ ብቻውን መምጣቱ፣ እኛም ሳናውቀው ማሳለፋችን ነው።

ጉዳቱን በቁጥር እንናገረው። አንድ ተክል ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ ከበቀለ ከአንድ ወር ጀምሮ ማበብ ይችላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በማሽላ ላይ በተደረገ ጥናት፣ አረሙ ሳይታረም ከቆየ ምርቱን ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። ከመቶ ኩንታል ሦስት ኩንታል መቅረት ማለት ነው! «አስፈራሚ» ያለው ገበሬ አላጋነነም። ከብት ከበላው ወተቱና ሥጋው ይመራል። በሰው ላይ ደግሞ ፓርቴኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቆዳን ያቃጥላል፤ ብናኙ አስም ያስነሣል። ይህ የሚደርሰው በመጀመሪያ በማን ላይ ነው? ጓንት ሳይኖረው ጎንበስ ብሎ በሚያርመው ላይ ነው። የአባባ እጅ የነገረን ይህንኑ ነበር፤ እኛ ግን ከመጽሐፍ እስክናነበው ድረስ ነፍሳት ነደፋቸው ብለን አለፍነው።

መፍትሔም ሲፈለግለት ቆይቷል። ከሜክሲኮ ቅጠሉን የምትበላ አንዲት ጥንዚዛ ተወስዳ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ሕንድ ገብታለች። በአገራችንም ተመራማሪዎች ጥንዚዛዋ ጤፋችንንና ኑጋችንን እንዳትነካ ለዓመታት ከፈተሿት በኋላ፣ ግንዱን ከሚቦረቡር ሌላ ነፍሳ ጋር በ2008 ዓ.ም. ክረምት በወለንጪቲ አካባቢ ተለቅቃለች። ያ ሁሉ ፍተሻ የተደረገው አንድ መጻተኛ ለማስገባት መሆኑን ልብ በሉ። አረሙ ሲገባ ግን የጠየቀው አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ቡቃያው ከየት መጣ ብለን ስንመረምር፣ ቀድሞ የታየው ከአትክልት ቦታችን ጠርዝ፣ ለአዲሱ ሕንጻ በመኪና መጥቶ ከተራገፈው አሸዋ አጠገብ እንደነበር ትዝ አለን። አሸዋው የቆላ ወንዝ አሸዋ ነው። ይህን ስናውቅ ደስ አለን፤ ጥፋተኛው ተገኘ፤ መኪናው ነው! ደስታችን ግን አልዘለቀም። መኪናው ያመጣው እስከ አሸዋው ክምር ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ቡና ቤቱ፣ ከዚያም ወዲያ ከወንዙ ማዶ ያሻገረው ማነው? እኛ ነን፤ በገዛ እጃችን፣ ከነአፈሩ፣ ከምርቃት ጋር።

ጓንት ለብሰን እትዬ ዘንድ ሄድን። ነገሩን ስንነግራቸው የያዙትን ጀበና አስቀመጡና «አሪቲ ነው አላላችሁኝም እንዴ?» አሉ።

«ተሳስተን ነው እትዬ።»

«እኔም እኮ ለሁለት ጎረቤቶቼ ሰጠሁላችሁ፤ የተማሩ ልጆች ያመጡልኝ ነው ብዬ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ዓረፍተ ነገር ከጆሯችን አልጠፋችም። ሁለቱን ጎረቤቶች ራሳቸው እትዬ እየመሩ አሳዩን፤ ገና ሳያብብ ደረስንበትና ነቀልነው። ከወንዙ ማዶ ግን ዘግይተናል። የጓደኛችን አሪቲዎች አብበው፣ አፍርተው፣ በዝናብ ተመትተው ወድቀዋል። ከእግራቸው ሥር ጣት ያህል የሆኑ አዲስ ቡቃያዎች በክብ በክብ ተነጥፈው ጠበቁን። አሁን ዓይናችን ያውቃቸዋል፤ ካሮትም አሪቲም አልመሰሉንም። እስኪመሽ ለቅመን በጉድጓድ አቃጠልናቸው። ነገር ግን ከቤቱ ደጃፍ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ሃያ እርምጃ አይሆንም፤ ጎርፉም ከኛ ቀድሞ ሄዷል።

የዚህን አረም ታሪክ ስናነብ፣ አምጪው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር፤ ጦር፣ ርዳታ፣ ነጋዴ፣ መኪና። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም አረም ላምጣ ብሎ የተነሣ አልነበረም፤ እኛም አልነበርንም። የታሪክ መጻሕፍት ታላላቆቹን አምጪዎች ይጽፋሉ፤ ከታላላቆቹ በኋላ አራት ቡቃያ ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚያሻግሩ ትንንሾች እንዳሉ ግን ማንም አይጽፍም። ስለዚህ በዚህች ቅጽ ላይ ራሳችን ጻፍነው፤ የክሱ ስም ዝርዝር እንዳይጎድል።

አንባቢ ሆይ፣ በጓሮህ ያልዘራኸው ነገር ቢበቅል ለመንቀልም ለማጠጣትም አትቸኩል፤ መጀመሪያ ተመልከተው። ቅጠሉ ካሮት መስሎ ካሮት ካልሆነ፣ አሪቲ መስሎ ካልሸተተ፣ ሲያብብም ጠርዙ ላይ አምስት ማዕዘን ካየህ አወቅኸው ማለት ነው። ሳያብብ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ እጅህን ሸፍነህ ከነሥሩ ንቀለው፤ ለከብት አትስጠው፣ ከፍግ ጋርም አትቀላቅለው። ለጎረቤትህም ንገረው። ከዚያ በፊት ግን በጓሮው ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ካለ እሱን ጠይቀው።

የአባባ እጅ በመስከረም ድኗል። ገንዘብ አዋጥተን የገዛንላቸውን ጓንት በሳቅ ተቀብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኛም በሚመጣው ሰኔ፣ ዝናቡ እንደጀመረ፣ ወንዙን ተከትለን ቁልቁል ለመውረድ ተስማምተናል። በዚህ ጊዜ ድምፅ መስጠት አላስፈለገም።